ሊንድሌይ ሙሬይና የእንግሊዝኛ ቅጽሎች አመዳደብ

የአንዳንድ ሰው ዝና ከሥራው ጋር አብሮ ያድጋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ሥራው ይውጠዋል። የሊንድሌይ ሙሬይ ዕጣ ሁለተኛው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ በብሪታንያም ሆነ በአሜሪካ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ስሙን አዘውትሮ ይሰማ ነበር፤ ሆኖም የሚሰማው እንደ ሰው ስም ሳይሆን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ስም ነበር። ከመጽሐፉ በስተጀርባ ያለው ሰው በመጀመሪያ ጠበቃ፣ ቀጥሎ ነጋዴ የነበረ፣ በመጨረሻም እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት አርባ ዓመት ያህል ከአንድ ቤት ሳይርቅ የኖረ መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ነበሩ።

ዛሬ በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል አንድ ተማሪ ከዐረፍተ ነገር ውስጥ ቅጽሎችን አውጥቶ የዓይነት፣ የቁጥር፣ አመልካች፣ አገናዛቢ እያለ እንዲመድብ ሲታዘዝ፣ የሚሠራው ሥራ ሙሬይ ለትምህርት ቤት በሚመች መልክ ካዘጋጀው ሥራ ጋር ዝምድና አለው። ይህ አመዳደብ ለምን እንዳስፈለገ፣ የት ላይ እንደሚረዳና የት ላይ እንደሚያስቸግር ለመገንዘብ የሰውየውን ሕይወትና የመጽሐፉን አሠራር አንድ ላይ መመልከት ይጠቅማል።

አስተዳደጉ

ሙሬይ የተወለደው በ1745 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በስዋታራ ወንዝ አካባቢ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) አገሩ በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ዘውድ ሥር ነበረ። አባቱ ሮበርት ሙሬይ የእህል ወፍጮ ባለቤት ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ንግድ ገብቶ ከኒው ዮርክ ታላላቅ ነጋዴዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ቤተሰቡ ጦርነትንና መሐላን የሚቃወመው፣ ኩዌከር በመባል የሚታወቀው የክርስቲያን ማኅበር አባል ነበር። ሊንድሌይ ከ12 ልጆች የመጀመሪያው ነው። በ1753 ዓ.ም. ቤተሰቡ ኑሮውን ወደ ኒው ዮርክ አዛወረ፤ በማንሐተን የሚገኘው ሙሬይ ሂል የተባለው ሠፈርም የዚህን ቤተሰብ ስም ይዞ ቀርቷል።

አባትየው የበኩር ልጁን ያሰበው ለንግድ ነበር። ልጁ ግን ከሂሳብ መዝገብ ይልቅ መጽሐፍ ይስበው ነበር። አባቱ ጥብቅ ሥርዓት የሚከተል ሰው ስለ ነበረ፣ ሊንድሌይ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ያለ ፈቃድ ከቤት በመውጣቱ በተቀጣ ጊዜ ቅጣቱን እንደ ውርደት ቆጥሮ ኮበለለ። የሸሸበት ስፍራ ግን በኒው ጀርዚ ግዛት፣ በበርሊንግተን ከተማ የሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ሌላው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲኮበልል እርሱ ወደ ትምህርት ቤት መኮብለሉ የዝንባሌውን ጥልቀት ያሳያል። በኋላ ከአባቱ ጋር ታርቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የግል መምህር ተቀጠረለት፤ ሕግ ለመማር የነበረውም ምኞት ተፈቀደለት።

ሕግ የተማረው ቤንጃሚን ኪሳም በተባለ የኒው ዮርክ ጠበቃ ዘንድ ነው። በዚያ ጽሕፈት ቤት አብሮት ይማር የነበረው ጆን ጄይ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኗል። የሕግ ትምህርት አንድን ቃል ከሌላው ለይቶ የመመዘን፣ ጠቅላላውን ደንብ በዝርዝር ጉዳይ ላይ የማዋል ልማድ ይሰጣል፤ ይህም ልማድ በኋላ በጻፈው ሰዋስው ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በ1767 ዓ.ም. ሐና ዶብሰንን አገባ። ልጅ ባይወልዱም ትዳራቸው እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለ58 ዓመታት ጸንቷል።

ጦርነት፣ ሀብትና ሕመም

በ1775 ዓ.ም. በአሜሪካ ሰፋሪዎችና በብሪታንያ መካከል ጦርነት ሲነሣ የሙሬይ ቤተሰብ አስጨናቂ ሁኔታ ላይ ወደቀ። እምነታቸው ጦር መሣሪያ ከማንሣት ይከለክላቸዋል፤ ንግዳቸው ደግሞ ከለንደን ጋር የተሳሰረ ነው። ሊንድሌይ ጥብቅናውን ትቶ ከሚስቱ ጋር በሎንግ አይላንድ ወደሚገኘው ኢስሊፕ ወደተባለ ጸጥተኛ ሥፍራ ሄደ፤ በዚያም አራት ዓመት ያህል ዓሣ በማጥመድና በጀልባ በመንሸራሸር ተቀመጠ። ቀጥሎ በብሪታንያ ሠራዊት ተይዛ ወደ ነበረችው ኒው ዮርክ ተመልሶ ንግድ ጀመረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዕድሜ ልኩን የሚያኖረው ሀብት አከማችቶ ነበር። ዕድሜው አርባ ሳይሞላ ከሥራ ዐረፈ፤ በኢስት ወንዝ ዳር ቤልቪው የተባለ መኖሪያም ያዘ።

ዕረፍቱ ግን አልሰመረለትም። ብርቱ ሕመም አገኘውና ከዚያ በኋላ የእግሮቹ ጡንቻዎች እየደከሙ ሄዱ። ሐኪሞች ቀዝቃዛ አየር ወዳለበት አገር እንዲሄድ መከሩት። በ1784 ዓ.ም. መጨረሻ ከሚስቱ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በሰሜን እንግሊዝ፣ ከዮርክ ከተማ አጠገብ፣ በሆልጌት መንደር ቤት ገዛ። ጤናው ሲመለስ ወደ አገሩ ለመመለስ ነበር አሳቡ። ነገር ግን ጤናውም አልተመለሰ፣ እርሱም የትውልድ አገሩን ዳግመኛ አላየም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአትክልቱ ሥፍራ ጥቂት ይራመድ ነበር፤ ቀስ በቀስ ያም ቀረና በሠረገላ ብቻ መውጣት ጀመረ፤ በመጨረሻዎቹ 16 ዓመታት ግን ከቤት መውጣቱ ራሱ ቀረ። ቀኑን ሙሉ በመቀመጫው ላይ ሆኖ ያነብባል፣ ይጽፋል፣ እንግዳ ይቀበላል። ድምፁም ደክሞ ስለ ነበር ረጅም ንግግር ያስቸግረው ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ከዓለም ጋር የሚገናኝበት ዋናው መንገድ ጽሕፈት ነበር። በ1787 ዓ.ም. ሃይማኖት በሰው አእምሮ ላይ ስላለው ኃይል የሚናገር የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ።

የዮርክ መምህራን ጥያቄ

ኩዌከሮች በ1785 ዓ.ም. በዮርክ ከተማ ለልጃገረዶች አንድ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ወጣቶቹ መምህራን እንግሊዝኛን በሥርዓት ለማስተማር የራሳቸው ዕውቀት እንዳልበቃቸው ስለ ተረዱ ሙሬይን እርዳታ ጠየቁ፤ እርሱም በሆልጌት ቤቱ ሰዋስው ያስተምራቸው ጀመር። ለክፍል የሚስማማ መጽሐፍ ማጣታቸውን በማየትም እንዲጽፍላቸው በጽሑፍ ለመኑት። ሙሬይ በመጀመሪያ ቢያመነታም በ1794 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ያለ ብዙ መዘግየትም «የእንግሊዝኛ ሰዋስው» በ1795 ዓ.ም. በዮርክ ታተመ።

ሙሬይ አዲስ የቋንቋ ፍልስፍና አላመጣም፤ አመጣሁም አላለም። ከእርሱ በፊት ሮበርት ሎውዝ፣ ጆዜፍ ፕሪስትሊና ሌሎችም በቋንቋው ላይ ጽፈው ነበር፤ ሙሬይም በመቅድሙ ላይ የተበደረባቸውን ሊቃውንት ስም እስከ መዘርዘር ደርሷል። የርሱ ድርሻ መምረጥ፣ ማቀናጀትና ማቅለል ነበር። መጽሐፉን በአራት ከፈለው፤ ስለ ፊደልና አጻጻፍ፣ ስለ ቃላት ዓይነትና እርባታ፣ ስለ አገባብ፣ በመጨረሻም ስለ ንባብ ዜማና ስለ ግጥም ምጣኔ። ተማሪው በቃሉ የሚይዘው ዋና ደንብ በትልቅ ፊደል፣ ማብራሪያው ደግሞ በትንሽ ፊደል እንዲታተም አደረገ። ጀማሪው ትልቁን ያነብባል፤ የበሰለው ወደ ትንሹ ይወርዳል። ይህ ቀላል የሚመስል ዘዴ አንዱን መጽሐፍ ለተለያየ የክፍል ደረጃ እንዲያገለግል አስችሎታል።

ቅጽልን ለብቻው ማቆም

ሙሬይ የእንግሊዝኛን ቃላት በዘጠኝ ክፍል መደባቸው፤ እነርሱም አርቲክል፣ ስም፣ ቅጽል፣ ተውላጠ ስም፣ ግሥ፣ ተውሳከ ግሥ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምርና ቃለ አጋኖ ናቸው። ቅጽል ራሱን ችሎ በሦስተኛ ተራ መቆሙ ዛሬ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። በጥንቱ የላቲን ሰዋስው ግን ቅጽል የስም አንድ ወገን ነበር። ምክንያቱም በላቲን ቋንቋ ቅጽሉ እንደ ስሙ ሁሉ በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ ይረባል። የጥንቱ እንግሊዝኛም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ግን እነዚያ የቃል መጨረሻዎች ረግፈው ቅጽሉ በጾታም በቁጥርም የማይለወጥ ቃል ሆነ። አንድ ረጅም ልጅም ሆነ ብዙ ረጃጅም ልጆች ቢሆኑ እንግሊዝኛው «ቶል» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ የላቲኑን ልብስ እንግሊዝኛ ላይ መደረብ አላስፈለገም፤ ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሎውዝ በ1762 ዓ.ም. ቅጽልን ለብቻው አቁሞት ነበር፤ ሙሬይ ይህን አካሄድ ተከትሎ በብዙ ሺህ ክፍሎች ውስጥ አስገባው።

ቅጽልን ለመለየት ሙሬይ ለልጆች ያቀረበው ፈተና አጭር ነው። ቃሉ ለስም ተጨምሮ ጠባዩን ይገልጻል፤ ይህንንም ለማረጋገጥ «ቲንግ»፣ ማለት ነገር የሚለውን ስም ወይም ሌላ ስም ከኋላው አስከትሎ ትርጉም ይሰጥ እንደ ሆነ መሞከር ነው። «ኒው» ከተባለ በኋላ «ቲንግ» ቢከተል አዲስ ነገር ይሆናልና ቃሉ ቅጽል ነው። «ኩዊክሊ» ከተባለ በኋላ ግን «ቲንግ» ቢጨመር ስሜት አይሰጥም፤ ስለዚህ ያ ቃል ተውሳከ ግሥ ነው። ልጁ ትርጓሜውን በቃሉ ባይዝ እንኳ በጆሮው ሊፈርድ ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ይህን ፈተና የሚያልፉ፣ ግን ጠባይ የማይገልጹ ቃላት ሲያጋጥሙ ነው። «ማይ» የኔ፣ «ዚስ» ይህ፣ «ኤቭሪ» እያንዳንዱ፣ «ሰም» አንዳንድ ማለት ነው፤ ሁሉም «ቲንግ» ከሚለው ቃል በፊት በሰላም ይቆማሉ። ነገር ግን የኔ የሚለው ቃል ስለ ነገሩ ባለቤት እንጂ ስለ ነገሩ መልክ አይናገርም። አዲስ የሆነ ነገር ከሌላው ይበልጥ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የተባለ ነገር ግን ከሌላው ይበልጥ ይህ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሙሬይ እነዚህን ቃላት ከተራው ቅጽል ለይቶ፣ ከተውላጠ ስም ምዕራፍ ውስጥ አግብቶ፣ ቅጽላዊ ተውላጠ ስሞች አላቸው። በአራትም ከፈላቸው።

አንደኛው አገናዛቢ ነው፤ ባለቤትን ያመለክታል፤ «ማይ»፣ «አወር»፣ «ዜየር» የሚሉትን ይይዛል። ሁለተኛው አከፋፋይ ነው፤ የብዙዎቹን ስብስብ አንድ በአንድ ለይቶ ይጠራል፤ «ኢች»፣ «ኤቭሪ»፣ «አይዘር» ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው አመልካች ነው፤ «ዚስ» እና «ዛት»፣ ከብዙ ቁጥራቸው «ዚዝ» እና «ዞዝ» ጋር ለይቶ ያሳያል። አራተኛው ያልተወሰነ ነው፤ «ሰም»፣ «ኤኒ»፣ «ኦል»፣ «ሰች» የመሳሰሉት ማንነትን ወይም መጠንን ሳይቆርጡ ይናገራሉ።

ይህ ክፍፍል ለስም ማውጣት ብቻ የተደረገ ቢሆን ኖሮ ዋጋው አነስተኛ በሆነ ነበር። ዋጋው የሚታየው በአገባብ ምዕራፍ ነው። ተራው ቅጽል በቁጥር አይለወጥም፤ አመልካቹ ግን ይለወጣል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ሲሆን «ዚስ»፣ ብዙ መጻሕፍት ሲሆኑ «ዚዝ» መባል አለበት፤ «ካይንድ» ከሚለው ነጠላ ስም በፊት «ዚዝ» ማለትም ስሕተት ነው። «ኢች» እና «ኤቭሪ» ብዙዎችን የሚያስቡ ቢሆኑም ነጠላ ስምና ነጠላ ግሥ ይፈልጋሉ። እያንዳንዱ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ስለሚያስታውሰው ተማሪው ግሡን ወደ ብዙ ቁጥር ይጎትታል፤ የቃሉን ወገን ያወቀ ግን ይጠነቀቃል። ከዚህ እንደሚታየው የቅጽልን ዓይነት መለየት የሚጠቅመው ዓይነቱ በዐረፍተ ነገሩ ላይ ለውጥ ሲያመጣ ነው።

የማወዳደሪያ ደረጃዎች

የጠባይ ቅጽል በእንግሊዝኛ የሚለወጠው በማወዳደር ጊዜ ብቻ ነው። ሙሬይ ሦስት ደረጃ አስቀመጠ፤ መነሻ፣ ማበላለጫና የበላይ። አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ያላቸው ቅጽሎች በመጨረሻቸው «ኧር» እና «ኧስት» ይቀበላሉ፤ «ቶል፣ ቶለር፣ ቶለስት» እንደሚባለው። ረዘም ያሉት ግን «ሞር» እና «ሞስት» የሚሉትን ቃላት ከፊታቸው ያስቀድማሉ። ከደንቡ የወጡም አሉ፤ «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት» ከነዚህ የታወቀው ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ለሆነ ተማሪ ይህ ክፍል የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአማርኛ ቅጽሉ ራሱ የማበላለጫ መልክ የለውም፤ ከ የሚለው መስተዋድድ ከሚወዳደረው ስም ላይ ይገባና ይበልጥ ወይም ይልቅ የሚለው ቃል ይከተላል። ይህን ልማድ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገር ተማሪ ይበልጥ የሚለውን በ«ሞር» ተርጉሞ፣ አስቀድሞ ማበላለጫ በሆነው በ«ቤተር» ላይ ይደርበዋል። ሙሬይ እንዲህ ያለውን ድርብ ማወዳደር አጥብቆ ይከለክላል። እንደዚሁም ፍጹም፣ ዓለም አቀፋዊ፣ የበላይ የመሰሉ ትርጉማቸው አስቀድሞ ከጫፍ የደረሰ ቅጽሎች ደረጃ ሊጨመርባቸው አይገባም ይላል።

እዚህ ላይ የሙሬይ ሥራ ሌላ ገጽታው ይታያል። ድርብ ማወዳደር በእንግሊዝ ሕዝብ አፍ ውስጥ የነበረ፣ ሼክስፒርም ሳይቀር በተውኔቶቹ የተጠቀመበት አነጋገር ነው። ሎውዝና ሙሬይ ይህን አነጋገር ከትምህርት ቤት ሲያስወጡ፣ ደንቡ ቋንቋን የሚያስተካክል መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የተማረውን ካልተማረው የሚለይ ምልክትም ሆነ። ለነጋዴውና ለገበሬው ልጅ ደንቡን ማወቅ የዕድገት በር ከፈተለት፤ ያላወቀው ደግሞ አፉን በከፈተ ቁጥር ይታወቅበት ጀመር። ሰዋስው እኩል የማድረግም፣ የመለየትም ኃይል ያለው መሆኑ በሙሬይ መጽሐፍ ታሪክ ውስጥ ግልጥ ሆኖ ይታያል።

መለማመጃው

ሙሬይ ትርጓሜ በቃል መያዝ ብቻ ዕውቀት እንደማይሆን ያውቅ ነበር። ስለዚህ በ1797 ዓ.ም. «የእንግሊዝኛ መለማመጃ» የተባለውን ሁለተኛ መጽሐፍ አወጣ። በዚያ ውስጥ በየደንቡ ሥር የተበላሹ ዐረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ተማሪው ስሕተቱን ፈልጎ፣ የጣሰውን ደንብ ተናግሮ ያርማል። መልሱ በሌላ መጽሐፍ ለብቻው ስለ ታተመ መምህር ያላገኘ ሰውም ራሱን ሊፈትን ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ለጀማሪዎች የሚሆን አጭር ሰዋስው፣ በ1799 ዓ.ም. የማንበቢያ መጽሐፍ፣ በ1804 ዓ.ም. ደግሞ የፊደል መቁጠሪያ ተከታተሉ።

መጻሕፍቱ በሁለቱም የአትላንቲክ ዳርቻ ከዐሥር ሚሊዮን ቅጅ በላይ እንደ ተሸጡ ይገመታል። አብርሃም ሊንከን በልጅነቱ ካገኛቸው ጥቂት መጻሕፍት መካከል የሙሬይ ማንበቢያ አንዱ ነበር፤ ከፍ ያለ ግምትም ይሰጠው ነበር። ጆርጅ ኤልየትም «ሚድልማርች» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ በወጥ ቤት ሥራ መካከል ልጆቿን ከሙሬይ ሰዋስው የምታስተምር እናት ሥላለች። ሙሬይ ግን ከመጻሕፍቱ ያገኘውን ገንዘብ ለራሱ አላዋለም፤ ለበጎ አድራጎት ሰጠው።

ነቃፊዎቹና ተከታዮቹ

እንዲህ የተስፋፋ መጽሐፍ ነቃፊ አያጣም። ከሁሉ የበረታው አሜሪካዊው መምህር ጎልድ ብራውን ነበር። እርሱ በ1851 ዓ.ም. ባወጣው ግዙፍ ሰዋስው ሙሬይ የሌሎችን ሥራ ያለ በቂ ምርመራ ሰብስቧል ሲል ከሰሰው። በቅጽል ረገድ ብራውን የሙሬይን አማካይ ክፍል አፍርሶ ቅጽሎችን በስድስት መደበ፤ እነርሱም የወል፣ ከተጸውዖ ስም የወጣ፣ የቁጥር፣ ተውላጠ ስማዊ፣ ከግሥ የተገኘና ጥምር ናቸው። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ዋሽንግተን ሙን የተባለ ጸሐፊ የሙሬይን የራሱን እንግሊዝኛ ስሕተት እየለቀመ በመጽሐፍ አሳተመ፤ ደንብ ሠሪውም በደንቡ ተከሰሰ።

ክርክሩ በ20ኛው መቶ ዓመትም አልቆመም። በ1933 ዓ.ም. አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሊዮናርድ ብሉምፊልድ ቅጽልን ገላጭና ወሳኝ ብሎ በሁለት ከፈለ። ዛሬ ብዙ የሰዋስው መጻሕፍት «ማይ»፣ «ዚስ»፣ «ኤቭሪ» የመሰሉትን ከቅጽል ፈጽመው አውጥተው ከአርቲክሎቹ ጋር ወሳኞች በሚል ክፍል ያኖሯቸዋል። ማስረጃቸውም ግልጥ ነው፤ ከአንድ ስም በፊት ብዙ የጠባይ ቅጽሎች ተከታትለው ሊቆሙ ሲችሉ፣ «ማይ» እና «ዚስ» ግን በአንድ ስም ፊት ጎን ለጎን አይቆሙም። ሙሬይ ለነዚህ ቃላት የሰጠው ስም አልጸናም፤ ከጠባይ ቅጽል መለየታቸው ግን ጸንቷል።

መጨረሻው

ሙሬይ በመጨረሻ ዘመኑ ስለ ሕይወቱ በደብዳቤ መልክ የጻፈው ታሪክ ከሞተ በኋላ በ1826 ዓ.ም. ታተመ። በዚያው ዓመት የካቲት 16 ቀን (በአውሮፓ አቆጣጠር) በ80 ዓመቱ በሆልጌት ዐረፈ። ሚስቱ ሐና እስከ 1834 ዓ.ም. ኖረች። በኑዛዜው፣ ከእርሷ ሞት በኋላ የሚቀረው ሀብት በኒው ዮርክ ለሚገኙ ባለአደራዎች ተላልፎ በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎችን ነጻ ለማውጣት፣ ልጆቻቸውን ለማስተማር፣ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ለመርዳትና ድሆችን ለመደገፍ እንዲውል አዝዟል።

የሙሬይ መጽሐፍ ዛሬ በትምህርት ክፍል አይገኝም፤ ብዙ ደንቦቹም ተሻሽለዋል። ከሥራው የሚቀረው ፍሬ ግን አንድ ተማሪ ቅጽልን በፊቱ ባገኘ ጊዜ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ቃሉ ከስሙ ፊት ቆሞ ምን ይሠራል? ጠባይ ይነግራል? ባለቤት ያሳያል? ለይቶ ያመለክታል? ወይስ ይቆጥራል? የክፍሎቹ ስም በየዘመኑ ሊለወጥ ይችላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህም ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ጥያቄውን ጠይቆ፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሞክሮ፣ ስሕተቱን በራሱ እጅ ያረመ ተማሪ ግን ስሞቹ ቢለወጡበትም መንገዱ አይጠፋበትም።